ሰማንያው ካለፈ በኋላ

እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1980

የዳስ በዓል አለፈና ዛሬ ወደ ሥራ ተመለስን። እዚህ ሰው ሁሉ ዘመኑን ሰማንያ ሰባት ይለዋል። እኔ በአገሬ አቆጣጠር ካልጻፍኩት ቀኑ ቀን አይመስለኝም።

በምንሠራበት የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት የበዓሉ አንሶላና ፎጣ እንደ ነዶ ተከምሮ ጠበቀን። ከሥራ ጓደኛዬ ከድንቄ ጋር ከአንዱ ማጠቢያ ወደ ሌላው ስንል ዋልን። ቀትር ላይ ከእንፋሎቱ ወጥቼ በኋላ በር ብቆም ባሕሩ ከካርሜል ግርጌ ተዘርግቷል። መርከቦቹ የቆሙ ይመስላሉ እንጂ ይሄዳሉ። ነፋሱ ፊቴን ሲነካው ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜሽ ምን ያስደስትሻል ለሚለኝ ሰው መልሴ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ቤት ስገባ ክንፉ ልጅቱን ደረቱ ላይ አስተኝቶ እሱም እንቅልፍ ወስዶታል። ልጄ ሌሊት ሌሊት ክርያት ሞጽኪን አጠገብ ካለ ፋብሪካ ይሠራል። ጠዋት እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ልጅቱ ድምፄን ስትሰማ ዞረች። ወረቀቷ ላይ ኢላኒት ተብላለች፤ እኔ ሸጋዬ እላታለሁ። ጡጦዋን ሰጥቼ፣ ገላዋን አጥቤ፣ አዝያት በቤቱ ውስጥ ተመላለስኩ። ጀርባዬ ላይ ስትተኛ ክብደቷ ይጨምራል። ያን ክብደት እወደዋለሁ።

እናቷ ማንአለብሽ በበረንዳው ክፍል ናት። ምሳዋን በራፏ ላይ አኖርኩላት። ግማሹን በልታለች። ትረፍ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ሸጋዬን ለማስመዘን ጢፓት ሐላብ ወሰድኳት። ሕፃናት የሚመዘኑበትና የሚከተቡበት ጣቢያ ነው፣ ከቤታችን ቁልቁል። ነርሷ ፍሎራ ከሩማኒያ የመጣች ናት። ዕብራይስጧ ከእኔ ብዙም አይሻልም፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን። ሚዛኑን አይታ አጨበጨበች። እኔን ነው ያመሰገነችው።

ቀጥላ ስለ እናቷ ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ራሷ መለሰችው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሚንሃግ፣ ሚንሃግ» አለች። ልማድ ነው ማለቷ ነው። ይህን ያስተማራት ስንታየሁ ነው፤ ለሰፈራችን ሰው እንዲያስተረጉም የተቀጠረ ተማሪ። በነሐሴ ፍሎራ ቤታችን መጥታ ማንአለብሽ ለብቻዋ ግድግዳ ስታይ አግኝታት ደንግጣ ነበር። ያኔ እሱ አራስ ሴት ተለይታ መቀመጧ ልማዳችን እንደሆነ፣ ስለሱ መጠየቅም ነውር እንደሆነ ነገራት። ወንድ ልጅ ነውና ከዚያ በላይ መናገር አፈረ። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገራትም። ፍሎራም እንደሰማችው ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ የበረንዳውን በር አታንኳኳም። ልማድ የምታከብር ሰው ናት።

ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች። በሰፈራችን በኔቬ ዮሴፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የሚቀለስበት መሬት የለም። ክንፉ በረንዳውን በእንጨትና በመስታወት ዘግቶ ክፍል አደረገላት። ሰማንያው በመስከረም አጋማሽ አለቀ። ልጅቱን አጥበን ወደ ቤት አገባናት። እናቷ ግን በጣም ደክማ ነበር፤ ወተቷም ነጥፎ ነበር። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።

ፍሎራ «ደህና ናት?» ስትለኝ «ቤሰደር»፣ ደህና ነው፣ አልኳት።

ቅዳሜ ማታ፣ ጥቅምት 13

ሰንበት ወጣች። ክንፉ ለሥራ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «እማዬ፣ ያ ነገር ገና አላለቀም?» አለኝ። ወንድ እንዲህ ያለ ቀን አይቆጥርም፤ የሚቆጥርለት እናቱ ናት።

ገና ነው አልኩት። ቤሰደር ብሎ ወጣ።

ገና ነው ማለቴ ድካሟ ገና አልወጣላትም ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

የመጀመሪያው ዝናብ። ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ የአፈሩ ሽታ እግሬን ያዘው። ቆሜ አሸተትኩ። አንድ ሾፌር ጥሩንባ ነፋብኝ።

ዛሬ ለሸጋዬ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ አነበብኩላት። እኔ ፊደል የለየሁት ዳባት ገበያ ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት በሚመጣ ቅዳጅ ጋዜጣ ነው። ወንድሜ ሁለት ሦስቱን ፊደል አሳየኝ፤ ሌላውን ራሴ ከቅዳጁ ላይ ለቀምኩ። አንድም ወሬ እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም ነበር። ወረቀቱ የተቀደደበት ላይ ነገሩ ያልቃል። ንጉሡ ወዴት ሄዱ፣ ድልድዩ ተሠራ ወይስ ቀረ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የዕብራይስጡን ደግሞ በሽማግሌዎቹ ልብስ ላይ ከተሰፋው ስማቸው ተማርኩ። ሸጋዬ አፌን አፌን እያየች አዳመጠች። እስከ መጨረሻው የሚያነብላት ሰው ይኖራታል።

ሁለት ሴት ልጆች ወልጄ ነበር። አንዷን አገር ቤት ቀበርኳት፣ አንዷን ሱዳን። ስለ እነሱ እዚህ አልጽፍም።

ከበረንዳው ድምፅ የለም። ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድበው ተነስታ ታይ ይሆናል ብዬ በስንጥቁ አጮለቅሁ። ግድግዳውን ነው የምታየው። ዝምተኛ ልጅ ናት። እኔም በዕድሜዋ ዝምተኛ ነበርኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ድንቄ ዛሬ አልለቀቀችኝም። አንሶላ ለሁለት ይዘን ስናጥፍ «ምነው ይታይሽ፣ አራሷ አንቺ ነሽ እንዴ? ገላሽ መለሰ፣ ፊትሽ አማረ። ገንፎውን ማን ነው የሚያገነፋልሽ?» አለችኝ። ሳቅን። ድንቄ ስትስቅ ማሽኑ ራሱ ዝም ያለ ይመስላል።

ሁለተኛውን አንሶላ ስናነሳ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማንአለብሽን ጠርተሻታል አይደል?» አለች።

በእኛ አገር አራስ በራሷ እግር ተነስታ ቤት አትገባም። ቀኗ ሲሞላ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ ደጅ ትቆማለች። እናቷ፣ እናት ከሌለች የባሏ እናት፣ ወጥታ «ግቢ» ትላታለች። የማንአለብሽ እናት ወገራ ቀርታለች። እሷ በሱዳን በኩል ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች።

ደክሟታል አልኳት ለድንቄ። አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ ብቻዋን አጠፈችው፣ ስለ ባሏ ጥርስ ሕመም ወሬ ጀመረች።

ስመለስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች፣ እኔ ከኋላ መቆሜን ሳያውቁ፣ «ሕፃኗ እናቷ አያቲቱ መስላታለች» ሲባባሉ ሰማሁ። ልቆጣ ይገባኝ ነበር። አልተቆጣሁም። ቤት እስክደርስ ፈገግ እያልኩ መሄዴን ያወቅሁት ደረጃው ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ፈጥኜ ልጻፈው።

ከሥራ ስመለስ የበረንዳው በር ክፍት። ማንአለብሽ የለችም። ክንፉና ልጅቱ ተኝተዋል። ከታች ጎረቤታችን ሽማግሌው ሩማኒያዊ ወደ ላይ እያዩ ይጮሃሉ። ሮጥኩ።

ጣራ ላይ አገኘኋት። ከውኃ ማሞቂያ በርሜሎቹ ወዲያ፣ ልብስ ማስጫ ገመዱ ካለቀ በኋላ፣ አጥር በሌለበት በኩል። በባዶ እግሯ፣ በሌሊት ልብሷ። ስሟን ጠራሁ። ወዲያው አልዞረችም። ቀስ ብዬ ሄጄ እጇን ያዝኩት፤ እንደ በረዶ ነው። ምን ፈልገሽ ነው እዚህ የወጣሽ አልኳት።

«አየር ልቀበል ነው፣ እማማ።»

አየር ልትቀበል ነው የወጣችው። በረንዳው በመስታወት ተዘግቷል፤ እውነትም አየር የለውም።

የጣራውን በር ክንፉ እንዲቆልፈውና ቁልፉን ከኪሱ እንዳይለይ ነገርኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 26

አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ከነጭ ጋር ከትቼ አንድ ማሽን አንሶላ በሙሉ ሰማይ አስመሰልኩት። ድንቄ ለአለቃችን ማሽኑ ነው ያበደው አለችልኝ። ሽማግሌዎቹ ቀለሙን ወደዱት አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 29

ሩማኒያዊው ጎረቤት ለፍሎራ በቋንቋቸው ነግረዋት ኖሮ ዛሬ ከስንታየሁ ጋር መጣች። ከክንፉ ጋር ተነጋገሩ። ሀዳር በሚባለው ሰፈር የነፍስ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሰው እየሄደ ከሐኪም ጋር ይነጋገራል፣ ገንዘብም አይከፈልበትም አለች። ነገር ግን ታማሚዋን ይዞ የሚመጣ፣ ስለሷም የሚያስረዳ የቤት ሰው ያስፈልጋል። ክንፉ የነፍስ ሐኪም ሲባል ፊቱ ጠቆረ። በእኛ ሰው ዘንድ የእብድ ሐኪም ማለት ነው። ቢሆንም እሺ አለ። የቆመችበትን ጣራ እሱም ወጥቶ አይቶታል።

ማታ ድንቄ በሌላ ከተማ ከእኛ ሰው አንዲት ሴት እንዲህ ወዳለ ቦታ ሄዳ ልጆቿን ወሰዱባት የሚል ወሬ ይዛ መጣች። ማን እንዳወራላት ስጠይቃት አታውቅም።

ማንአለብሽን እዚያ ቢያስቀሩአት ሸጋዬን ማን ይይዛታል? እኔ አለሁ። ይህን አሰብኩ። ካሰብኩት በኋላ እራቴን ሳልበላ አነሳሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ክንፉ ማንአለብሽን ጣቢያው ወሰዳት። እኔ ከልጅቱ ጋር ቀረሁ። ሲመለስ የነገረኝን እጽፋለሁ።

ሐኪሟ ሴት ናት። ስንታየሁ መካከል ተቀመጠ። ምን ይሰማሻል ስትባል ማንአለብሽ ወለሉን ታያለች። ባሏ በጎኗ፣ ጎረምሳ በፊቷ፣ ስለ አራስነቷ እንዴት አድርጋ ታውራ? ስንታየሁም ጨነቀውና በሷ ፈንታ ልማዱን ለሐኪሟ ነገራት፤ በወሊድ ምክንያት ተለይታ ተቀምጣለች፣ ነውርም ነው አላት። ፍሎራ የጻፈችውም ወረቀት ያንኑ ይላል። ሐኪሟ ልማዳችሁን አከብራለሁ፣ ጊዜው ሲያልቅ ተመለሱ ብላ እጃቸውን ጨብጣ ሸኘቻቸው።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እማዬ» አለኝ ክንፉ። ቀለል ብሎታል። እንደ ዱሮው እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ። ለኔም ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

የማንአለብሽ ሳህን እንዳኖርኩት ይመለሳል። ውኃ ብቻ ትጠጣለች።

ሸጋዬ ዛሬ በድምፅ ሳቀች። የመጀመሪያዋ ነው። ፎጣ ራሴ ላይ ጥዬ ስገልጠው ሳቀች፤ ደግሜ ብጥለው ደግማ ሳቀች። ቤቱ ሞላ። ሳቋ በረንዳው ድረስ እንደሚሰማ ትዝ ሲለኝ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። እንዳትረበሽ ብዬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ስግድ ነው፣ የጾምና የጸሎት በዓላችን። ሰፈሩ ሁሉ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ሄዷል፤ ክንፉም ሄደ። ሕንፃው እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጾሜን ይዤ ቀረሁ። ሸጋዬ ስትተኛ ከበረንዳው በራፍ ላይ ተቀመጥኩና የማውቃትን ጸሎት ማለት ጀመርኩ። ማንአለብሽም ከውስጥ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁ። ጨርሼ ዝም ስል ተናገረች።

«እማማ፣ ልጄ ደህና ናት?»

ደህና ናት አልኳት።

«ሳቋን ሰማሁ።»

«ለምን ገብተሽ አታያትም?» አልኳት። እንዲህ ማለቴ አሁን ይገርመኛል።

«ግቢ ያለኝ የለም» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ዛሬ ዝናብ የለም እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እቆጥር ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከዚያ ሳስበው የእኔ ርኩሰት የማያልቅ ዓይነት ይሆናል አልኩ። እማማ ያውቃሉ፣ ስለዚህ ነው የማይጠሩኝ አልኩ» አለች።

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ሸጋዬ አለቀሰች። ተነስቼ ወደሷ ሄድኩ።

አንዲት ቃል ናት። ልጅቱን አንስቼ ተመልሼ ልላት እችል ነበር። ጾሙ ነው፣ ራሴን አዞረኝ አልኩ። ልጅቱን ታቅፌ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፣ ዝም እስክትል፤ ዝም ካለችም በኋላ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ከሥራ በፊት ፍሎራ ዘንድ ሄድኩ። ገና በሩን መክፈቷ ነበር። ወደዚያ ጣቢያ እኔ ራሴ ልሂድ አልኳት። ግራ ገባት። «ሚንሃግ?» አለችኝ።

«ሚንሃጉ አልቋል» አልኳት በዕብራይስጤ። «በመስከረም።»

እናቶች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ሄድን። ማንአለብሽና እኔ፣ ሸጋዬ በጀርባዬ። ድንቄ ልጅቱን ለኔ ተይልኝ ብላ ነበር፤ አልሰጠኋትም። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ማንአለብሽ ትከሻዬ ላይ ወደቀችና እዚያው ቀረች። ክብደት የላትም።

የሚጮሁ ሰዎች ያሉበት ቤት ነበር የጠበቅሁት። ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ነው። ጥቂት ወንበሮች፣ በጣሳ የተተከለ አበባ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ። ሐኪሟ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯ በደረቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናት። ስንታየሁ እንደ ልማዱ መካከላችን ተቀመጠ። ምን ልትነግሪኝ መጣሽ አለች። እሱ ተረጎመ። በልጄ ዕድሜ ካለ ወንድ ፊት ስለ ደምና ስለ አራስነት ከየት ልጀምር? እሱም የማወራውን አውቆት መሰለኝ፣ ላብ ላብ አለው።

«እማማ ይታይሽ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እኔ ውጭ ልቁም። እናንተ አታዩኝም፣ እኔም አላያችሁም። ድምፃችን ብቻ ይግባ ይውጣ።»

ለሐኪሟ ሲነግራት ቅንድቧን አነሳች፣ ከዚያ እጇን ወደ በሩ ዘረጋችለት። በሩን ገርበብ አድርጎ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጋዜጣ የሚያነቡት ሽማግሌ ምን አጥፍተህ ነው ግድግዳ የምታየው ሲሉት ሰማን። ሥራ ላይ ነኝ አላቸው። እምላለሁ፣ የማንአለብሽ የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

እኔም ለበሩ ክፍተት ተናገርኩ። «እንዲህ በላት፣ ልጄ። ልማዱ ሴት ለወለደች ሰማንያ ቀን ነው። ከዚያ ያልቃል። ካለቀ ቆይቷል። አሁን የያዛት ልማድ አይደለም። አትበላም፣ አትተኛም፣ ጣራ ላይ አግኝቻታለሁ። አየር ልትቀበል አልነበረም።»

ድምፁ ከውጭ በዕብራይስጥ ሆኖ ገባ። ሐኪሟ መጻፉን አቆመች። ለእናትየዋ ቀኑ ማለቁን የሚነግራት ማን ነው ብላ ጠየቀች።

ሴት ዘመድ ናት አልኩ።

የትኛዋ አለች።

ሐኪሟ ጠበቀች። ስንታየሁ ያልሰማሁ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «የትኛዋ ዘመድ ናት፣ እማማ ይታይሽ?» ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው።

«እኔ» አልኩ።

ይህችን አንዲት ቃል ለመተርጎም ብዙ ቆየ።

ሐኪሟ አልገሠጸችኝም። ብትገሥጸኝ ይሻለኝ ነበር። መቼ ትነግሪያታለሽ ብቻ አለችኝ። ዛሬ አልኳት። ማንአለብሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው። ልጅቱን ትወስዱብናላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እናትና አያት እያላት ወዴት እንወስዳታለን አለች ሐኪሟ። እናትን አስቀደመች።

ከዚያ እኔን ወደ ውጭ አስወጥታኝ ከማንአለብሽ ጋር ቀረች። እንዳልሰማ ሸጋዬን አዝዬ እስከ ደረጃው ድረስ ሄድኩ። ማንአለብሽ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ያን ያህል ቃል በውስጧ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከሩቅ ያየሁት ስንታየሁን ነው፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይተረጉማል። ሲጨርሱ ፊቱን በመሐረቡ ጠረገና ሰዓቱን ያየ መሰለ።

መድኃኒት ሰጧት። በየሰኞው እንመለሳለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ትናንት ማታ የሆነውን ለመጻፍ ዛሬን ጠበቅሁ።

ደንቡ በወንዝ መታጠብ ነበር፤ እዚህ ወንዝ የለም። ባሕሩን አስቤ ነበር፤ በዚህ ብርድና በዚህ ድካሟ አይሆንም። ውኃ አሙቄ ራሴ አጠብኳት። አጥንቷ ይቆጠራል። ጸጉሯን አበጠርኩላት፣ የታጠበ ልብስ አለበስኳት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳው ላይ አቆምኳት። በበረንዳውና በቤቱ መካከል ያለው ደፍ የእጄን መዳፍ አይሞላም። እኔ በወዲህ፣ እሷ በወዲያ።

«ግቢ» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። ድምፄ አልወጣ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። «ግቢ፣ ልጄ። አልቋል። ከሞላ ቆይቷል፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ገባች። ክንፉ ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ቆየ፤ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

ልጅቱን አሳየኋት። ጣቷን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ሳትነካት መለሰችው። ሸጋዬ እሷን አይታ ከንፈሯን ጣለች፤ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ አለቀሰች። ማንአለብሽ ያየችውን እኔም አየሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

ሰኞ ሰኞ እንሄዳለን። ስንታየሁ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አገኘ። በተራ የሚጠብቁ ሰዎች ለምደውታል፤ ሻይ ያመጡለታል፣ አንዳንዱ ወደ ሐኪሟ መግቢያው እሱ ይመስለውና ጉዳዩን ሁሉ ይነግረዋል። ሐኪሟ ሴት አስተርጓሚ ስጡን ብላ ለአለቆቿ ጽፋለች። እስኪገኝ በዚሁ ቀጥሉ አሏት። ፍሎራም ከስንታየሁ ጋር ቤት ለቤት እየሄደች አራሶችን ትጠይቃለች፤ አሁን በሩን ታንኳኳለች።

ማንአለብሽ እኛ ጋ ትበላለች። ክፉ ቀን አለባት፤ ትናንት ከአልጋ አልወረደችም። ዛሬ ግን ድንቄ መጥታ የባሏን አዲስ ጥርስ ስታሾፍበት ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋ ያሳፈራት ይመስል አፏን ያዘች። ክንፉ የበረንዳውን እንጨት አፈረሰ። ባሕሩ ከዚያ እንደሚታይ ረስተነው ነበር።

ሐኪሟ ለኔም አንድ ነገር አለችኝ። ልጅቱ ስታለቅስ ቀድመው አይነሱ፣ እናቷ ትነሳ፤ ቤት ውስጥ ይኑሩ፣ ግን አይፍጠኑ። ስንታየሁ በአክብሮት ነው የተረጎመልኝ። እሺ አልኳት። እግሬ ግን እሺ አላለም። እስከ አሁን ሁሌ እኔ ነኝ ቀድሜ የምደርስ። ማንአለብሽ በሩ ላይ ደርሳ ታየኛለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ማታ ሳስበው ከፋኝ። ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም በአንድ ሆድ ናቸው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ሰንበት ሳትገባ ፈጥኜ።

ከቀትር በኋላ የሰንበቱን ዳቦ እያቦካሁ ነበር። ክንፉ ገበያ ነው። ሸጋዬ ከወዲያኛው ክፍል ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም፣ ከዚያ ከልቧ። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ነው። ልታጠብ ወደ ቧንቧው ዞርኩ። ተመለስኩ። እጄ ሊጥ ነው አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ለቅሶው ጨመረ። እኔን ነው የምትጠራው፤ ለቅሶዋን አውቀዋለሁ። ሊጡን ገለበጥኩት፣ ረገጥኩት፣ ገለበጥኩት። ሊጡ ከበቃው ቆይቷል። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ። ባዶ እግር ወለሉ ላይ። ቆመ። ሸጋዬ ትጮሃለች፣ እግሩ ቆሟል፣ እኔም ቆሜአለሁ። ከዚያ እግሩ ሄደ።

«ነይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ነይ፣ ነይ እሺ።»

ወዲያው ዝም አላለችም። ብዙ አለቀሰች፤ እናቷም አብራ ታለቅስ መሰለኝ። ቀስ እያለ ወረደ። ዝም አለ። ጡጦው ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ እዚህ ድረስ ይመጣል።

ሊጡን እያሸሁ ነው የቆየሁት። ዳቦው ዛሬ በጣም ለስልሷል።